ወንጪ ወርደን የወጣንበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና አንድ የእህል መጋዘን ደጃፍ ተጠለልኩ። ከጎኔ አንድ ባለጋሪ ፈረሱን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ቆሟል። ፈረሱ በስብሶ ከጀርባው እንፋሎት ይወጣል፤ ከላዩ የተጣለበት ጆንያም ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። የራሰ ፀጉር፣ የላብና የጆንያ ሽታ ተደባልቆ ሲመጣብኝ፣ እንደዚያ ጥቁር ለብሼ፣ ዘንቢሌን ታቅፌ፣ ሳላስበው ሳቄ መጣ። ባለጋሪው ዞር ብሎ አየኝ።

«እማማ፣ ምን አገኙ?»

«አንዲት በቅሎ ትዝ ብላኝ ነው፣ ልጄ።»

«ይሄ እኮ ፈረስ ነው!» አለ ቅር ብሎት። የሰደብኩበት መስሎት የፈረሱን አንገት መታ መታ አደረገው።

ዝናቡ ሲያባራ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ሳቁ ግን አብሮኝ ገባ። የባለቤቴን የረጋሳን ሙት ዓመት ካወጣን ገና ብዙ አልቆየንም። እስከዚያች ቀን ድረስ ስለ እሱ ሳስብ የሚመጣብኝ መጨረሻው ብቻ ነበር፤ አልጋው፣ መድኃኒቱ፣ ሌሊት የሚያቃስትበት ድምፅ። ደጉ ዘመናችን ሁሉ ከዚያ ወዲያ ማዶ ተቀምጦ ልደርስበት አልቻልኩም ነበር። አንድ የበሰበሰ የጋሪ ፈረስ ግን በአንድ ጊዜ አሻግሮ ወንጪ አፋፍ ላይ አቆመኝ። በሥራ ዘመኔ የቢሮ ታይፒስት ነበርኩ፤ ጣቷ ፈጣን ነው ይሉኝ ነበር። ይህን ግን በእስክሪብቶ፣ ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው። ቶሎ እንዲያልቅብኝ አልፈልግም።

ጊዜው አምቦ ውስጥ ባጃጅ እየበዛ ጋሪ ማነስ የጀመረበት ነው። የወጣቱ ሱሪ ከእግሩ ጋር የተጣበቀ፣ ፀጉሩ ከላይ የቆመ ነበር። አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ፍላሽ ላይ ዘፈን የሚጭን አንድ ጎረምሳ ድምፅ ማጉያውን ወደ አስፋልቱ አዙሮ ከጠዋት ጀምሮ ያስጮኸው ነበር፤ አንዱ ዘፈን በኦሮምኛ፣ ቀጣዩ በአማርኛ፣ ሰፈሩ ሁለቱንም በቃሉ ያውቃል። ከሱ ቀጥሎ ያለችው ሻይ ቤት ብርጭቆውን ሦስት ብር ስታስገባው ስንት ቀን እንዳማናት ትዝ ይለኛል። ዛሬ ያ ምሬታችን ራሱ ያስቀናኛል። መንገዱ ዛሬ ክፍት፣ ነገ ዝግ የሚባልበት ጊዜም ነበር። ምክንያቱን ያገሬ ሰው ያውቀዋል፤ እኔ የምጽፈው ስለ እሱ አይደለም። ብቻ ክፍት የሆነ ቀን ሁሉም ሰው የቀረበትን ሁሉ ባንድ ቀን ሊያደርስ ይሯሯጥ ነበር፤ ለቅሶው፣ ሠርጉ፣ ገበያው ይደራረባል።

ረጋሳ የጌዶ ልጅ ነው። የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ከአምቦ በጌዶ አድርጎ ባኮ ድረስ ያለውን መንገድ ዕድሜውን ሙሉ ተመላልሶበታል። የበቆሎ እሸት ሲደርስ ከቆላው ከባኮ ሲመለስ የመኪናው ጋቢና እሸት በእሸት ሆኖ ይመጣና ለጎረቤት ሳይቀር እናድላለን። በየመንደሩ የሚያውቀው ሰው አይጠፋም፤ ለእረኛውም ለቄሱም ለሱቅ ነጋዴውም እጁን ሳያነሳ አያልፍም። «እጅህ መሪው ላይ ከሚቆየው ሰላምታ ላይ የሚቆየው ይበልጣል» እያልኩ እቆጣው ነበር። «እነሱ ናቸው መንገዱ» ይለኛል።

አንድ ቀን ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ መነሳት አቃተው። ስትሮክ ነው አሉን። ግራ እጁና ግራ እግሩ ከዱት፤ አፉም ወደ አንድ ወገን ትንሽ ተጣመመ። ሐኪሙ ይንቀሳቀስ፣ ይራመድ፣ ከሰው ይቀላቀል አለ። ረጋሳ ከወራት በኋላ መራመዱንስ በዱላ በግቢው ውስጥ ከአጥር አጥር ተራመደ። ሰው ፊት መውጣቱን ግን እምቢ አለ። በሩ ሲንኳኳ ወደ ጓዳ ይገባል። አብረውት የሠሩ ሹፌሮች ሊጠይቁት ይመጡና ባዶ ወንበሩን እያዩ ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ። ቤተ ክርስቲያን መሳለሙን ሳይቀር ተወ። አንድ ቀን ብሶኝ ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ስጠይቀው፣ «ሰው የሚያውቀው ያኛውን ረጋሳ ነው፣ አስኩ። እሱን ያስታውሱት» አለኝ። አስካለ ነው ስሜ፤ እሱ ግን አንድ ቀን ሙሉውን ጠርቶት አያውቅም። ያንን ከሰማሁ በኋላ በሽታውን መፍራት ተውኩ። የፈራሁት ባሌን በሕይወት እያለ ማጣትን ነበር።

ታላቋ ልጃችን ሲፈን የአሥረኛ ክፍል ፈተና ስትዘጋጅ፣ ከመታመሙ በፊት፣ «ጥሩ ካመጣሽ ወንጪ እወስድሻለሁ» ብሏት ነበር። ለእኛ ዓይነት ቤተሰብ ላንጋኖና ሶደሬ በወሬ የሚታወቁ ነበሩ። ወንጪ ግን የእኛ ነው፤ ጠዋት ወጥተን ማታ እንገባለን። ያኔ እዚያ እንደዛሬው ማረፊያ የለ፣ ምግብ ቤት የለ፣ ሰው ምሳውን ቋጥሮ ነው የሚሄደው። የልጅቱ ውጤት መጣ፣ ጥሩ ነው። ለአባቷ ነገረችውና ዝም አለች፤ ስለ ወንጪ ትንፍሽ አላለችም። ያ ዝምታዋ ከልመና ይብስ ነበር። «ከእናትሽ ጋር ሂዱ» አላት ዓይኑን ወደ ግድግዳ አድርጎ።

በዚህ መሀል ታላቅ እህቱ ጫልቱ መንገዱ የተከፈተ ቀን ከጌዶ ደረሰች። ልጆቹ በኦሮሞ ወግ የአባታቸውን እህት «አዳዳ» ይሏታል፤ እኔም ከነሱ ጋር አዳዳ ማለት ለምጃለሁ። አዳዳ ጫልቱ ሰፊ ሴት ናት፤ ድምፅዋም እንደዚያው። በአንድ ትልቅ ሣህን ጭኮ፣ ያ በንጥር ቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ ይዛ ገባችና ነጠላዋን ሳታወልቅ ጠየቀች።

«ረጋሳ የታለ?»

«ጓዳ ነው።»

«ከእኔም ይደበቃል? ንፍጡን የጠረግሁለት ልጅ!» ብላ በሩን ገፍታ ገባች። እኔና ልጆቹ ከውጭ እንሰማለን።

«ልጆችህ ወንጪ ሊሄዱ ነው አሉ። አንተስ?»

«እኔ ቤት እጠብቃለሁ።»

«ውሻ አላችሁ አይደል? እሱ ይበቃል።»

ትንሿ ልጃችን ቦንቱ አፏን ይዛ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም።

«ጫልቱ፣ ሰው ያየኛል።»

«ወንጪ ላይ ማን ያውቅሃል? ጉሬዛው?»

 በኋላ፣ «እሺ። ግን ከመኪና አልወርድም» ሲል ሰማሁ። አዳዳ ስትወጣ ምንም አላለችም፤ ብቻ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ጭኮውን ለመንገድ እንድቋጥረው ሰጠችኝ።

ሚኒባስ በኮንትራት ያዝንና ቅዳሜ ማለዳ ወጣን። ያ መንገድ ያኔ ድንጋይና ጉድጓድ ነበር፤ ዛሬ ሰው በአስፋልት ሽው ሲል የኛ ጥርስ እንዴት ይንቀጫቀጭ እንደነበር ማን ይነግረዋል? ረጋሳ ጋቢና ተቀምጦ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አወረደና ከከተማው እስክንወጣ ቀና አላለም። ዳገቱ ሲጀምር ግን አላስቻለውም። «ሁለተኛ አስገባ! አስገባ እንጂ፣ ሞተሩ እያለቀሰ ነው!» እያለ ምስኪኑን ሹፌር አሳበደው። ከአምቦ ሙቀት እየራቅን፣ በገብስ ማሳውና እንሰት ባጠራቸው ቤቶች መሀል ወደ ላይ ስንወጣ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገባ። ሁለቱ ልጆቼ የአምቦ ሰው ሁሉ የሚሠራውን ስህተት ሠርተዋል፤ ለሽርሽር ብለው በስስ ሸሚዝና በክፍት ጫማ ነው የመጡት። አፋፉ ላይ ያለችው ሐሮ ወንጪ መንደር ስንደርስ ሲፈን የአባቷን ኮት፣ ቦንቱ የኔን ጋቢ ለብሰዋል።

ወንጪ ተገልብጦ የተሠራ ተራራ ነው። ሌላ ተራራ መጀመሪያ ያደክምሃል፣ ከዚያ ቁልቁል ይለቅሃል። ወንጪ ግን መኪና ጫፉ ላይ ያወርድህና ሐይቁን ከታች፣ እንደ ገበታ ውሃ ያሳይሃል። በሳቅ ትወርዳለህ፤ የሚከብደው ለማታ ይቀመጥልሃል። ፈረስና በቅሎ የሚያከራዩት ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ አፋፉ ላይ ብዙም አይለማመጡም።

እኛ ከመኪናው ወርደን ሐይቁን ስናይ አዳዳ «ዋቃ ኮ!» ብላ ጮኸች፤ አምላኬ ማለቷ ነው። ልጆቹም ጮኹ። ሹፌሩ ግን መኪናውን ያቆመው አፍንጫውን ወደ አንድ የአፈር ግድግዳ ደግኖ ነው። ረጋሳ ከውስጥ ጩኸታችንን ይሰማል፣ የሚያየው ግን አፈር ነው። ትንሽ ቆይቶ የመኪናው በር ተከፈተና ዱላው ቀድሞ ወጣ።

«ምን ዓይነት አቋቋም ነው ይሄ? ሰው ሐይቅ ሊያይ መጥቶ ግድግዳ ፊት ታስቀምጠዋለህ? መንጃ ፈቃድህን ማን ነው የሰጠህ?»

እየተሳደበ እስከ አፋፉ መጣ። እዚያ ሲደርስ ስድቡን ረሳው። ልጆቹ በግራና በቀኙ ቆሙ፤ አንዳችንም ወርደሃል ብለን አፋችንን አልከፈትንም።

«እስኪ ትንሽ ዝቅ ብለን እንየው» አለ በመጨረሻ።

ኦቦ ቶላ የሚባሉ ሽበታም ባለበቅሎ፣ ጥቁር ቡኒ በቅሎ እየሳቡ መጡ። «በቅሎ አለች፣ ኦቦ።»

«አልፈልግም» አለ ረጋሳ። ከዚያ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ልጓሜን ሰው ይዞልኝ እንደ በሽተኛ ተቀምጬ አልሄድም» አለ። እኔም አልገፋሁትም። ያደገው አባቱ በፈረስ ሲሸልል እያየ ነው።

ወረድን። ቁልቁለቱ ሁላችንንም ወጣት አደረገን። ረጋሳ በዱላው፣ በእኔ ትከሻና በየዛፉ እየተደገፈ፣ በየማጠፊያው እያረፈ ወረደ። ኦቦ ቶላ ባዶ በቅሏቸውን ይዘው ጥቂት ራቅ ብለው ይመጣሉ።

«አንፈልግም ብለን የለ? ምን ይከተሉናል?» አለ ረጋሳ ጮክ ብሎ።

«እኔ እናንተን መቼ ተከተልኩ?» አሉ ኦቦ ቶላ ከኋላ። «በቅሎዬ ውሃ ጠምቷት ነው።»

ሐይቁ ዳር ጭኮውን፣ ዳቦውን፣ ቅቅል ድንቹን ዘረጋን። ልጆቹና አዳዳ በጀልባ ሐይቁ መሀል ባለችው ደሴት ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ተሻገሩ፤ አዳዳ ጀልባዋ ላይ ስትወጣ ቀዛፊው ሁለቱን ልጆች ወደ ሌላኛው ጫፍ እንዲሄዱ ለመናቸው። እኔና ረጋሳ ሣሩ ላይ ቀረን። ከኛ ትንሽ ራቅ ብለው የገጠር ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ከታመመ ጀምሮ ከእኔ በቀር ሰው ፊት ጫማውን አውልቆ አያውቅም፤ እግሩ መክሳቱን ያፍርበት ነበር። ያን ቀን ግን ሳይናገር ሁለቱንም ጫማ አወለቀና እግሩን ውሃ ውስጥ ነከረ። ብዙ ቆየ።

«አስኩ፣ ይቀዘቅዘኛል» አለ።

«አውጣዋ ታዲያ።»

«ግራው ነው የሚቀዘቅዘኝ።»

ተያየን። በዚያ እግሩ ላይ ስንት ቅባት አሽቼ፣ ስንት ጊዜ «ይሰማሃል?» ብዬ «አይ» ብሎኛል! እጁን ያዝኩትና ልጆቹ እስኪመለሱ እንደዚያው ተቀመጥን። ተመስገን ማለት ያን ጊዜ በአፌ አልመጣልኝም፤ ዛሬ እዚህ ላይ ጽፌዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ደመናው ከአፋፉ ላይ ወደ ውስጥ መፍሰስ ጀመረ። ሹፌሩ ከላይ ጥሩምባውን ደጋገመው፤ ዝናብ ከቀደመን ያ መንገድ ጭቃ ሆኖ አያስወጣንም። ዳገቱን ተያያዝነው። የመጀመሪያውን ማጠፊያ እንዳለፍን የረጋሳ እግር እምቢ አለ። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ላቡ ይንጠፈጠፋል።

«እናንተ ሂዱ» አለ።

«ወዴት ነው የምንሄደው?» አለች ሲፈን።

ፊቱ ላይ ያ የጓዳው ፊት ሲመለስ አየሁ። ተሸክመን ብናወጣው ዳግመኛ ከቤት እንደማይወጣ ልቤ ያውቀዋል። ትተነውም አንሄድ። ያኔ የበቅሎዋ ኮቴ ከኋላችን ተሰማ።

«በቅሎ ላይ አልቀመጥም!» አለ ረጋሳ፣ ሰውየው ገና ሳይናገሩ።

«ማን ተቀመጥ አለህ?» አሉ ኦቦ ቶላ። አልፈውን ሄደው በቅሎዋን ከፊቱ አቆሟት፤ ጀርባዋን ሰጥታዋለች። «የጌዶ ልጅ ነው አሉኝ እህትህ። አባትህ ከገበያ ሲመለስ ዳገቱን እንዴት ነበር የሚወጣው?»

ረጋሳ ኦቦ ቶላን አየ፤ በቅሎዋን አየ። ከዚያ የተጣመመው አፉ ቀስ ብሎ ወደ ሳቅ ሄደ።

«ጭራ ይዞ» አለ።

ለማያውቅ ልንገር። በእኛ አገር ዳገት ላይ ጤነኛው ገበሬ ጭነቱን በቅሎዋ ላይ ይተውና እሱ ወርዶ ጭራዋን ይይዛል፤ እሷ እየሳበችው በገዛ እግሩ ይወጣል። ጭራ የያዘን ሰው በሽተኛ የሚለው የለም። ከገበያ የሚመለስ ሰው ነው።

«አትራገጥም?» አልኩ እኔ።

«የኔ በቅሎ ሰው ታውቃለች። ግን ጀርባዋ ባዶ ከሆነ ትፈጥንበታለች። ከበድ ያለ ነገር ያስፈልጋታል» አሉ ኦቦ ቶላ፤ ዓይናቸውን ወደ አንድ ወገን ጣል አደረጉ። ሁላችንም ተከትለናቸው ዞርን።

«ምነው ሁላችሁም እኔን አያችሁ?» አለች አዳዳ ጫልቱ።

እየተራገመች ወጣች። ረጋሳ በደህናው በቀኝ እጁ ጭራውን ጠቀለለ፤ ዱላውን ቦንቱ ተቀበለችው። ኦቦ ቶላ ልጓሙን ይዘው «ሱታ፣ ሱታ» ማለት ጀመሩ፤ ቀስ፣ ቀስ ማለት ነው፣ ለበቅሎዋ ይሁን ለሱ አላወቅሁም። እኔ በግራው ሆኜ እጄን ዘርግቼ፣ ሳልነካው፣ አብሬው ወጣሁ። ዝናቡ መጣ። በቅሎዋ በሰበሰች፤ ያ ሽታዋ ዳገቱን ሞላው። ግራ እግሩ ጭቃውን እንደ ማረሻ ይሰነጥቀዋል፤ ግን ይመጣል፣ ይከተላል።

«ረጋሳ፣ አለህ?» ትላለች አዳዳ ከላይ፣ ዞር ማለት ፈርታ።

«አለሁ! ግን ከፊቴ የሚታየኝ ነገር ደስ አይልም!»

«እኔን ነው በቅሎዋን?»

«ከዚህ አይለይም!»

ልጆቹ በሳቅ መራመድ አቃታቸው። ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀልድ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ግን ባለሁበት ቆምኩ። ወንጪ ላይ ማን ያውቀዋል ብለን ነበር። መንገዱ የተከፈተ ቀን የአምቦ ሰው ሁሉ ምን እንደሚያደርግ ዘንግተናል። አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ከዝናቡ የቆርቆሮ ዳስ ሥር ተጠልሎ ወደ እኛ ያያል። አዳዳ እንደ ንግሥት ፊት ፊት፣ ከኋላዋ እሱ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ኮፍያው የት እንደወደቀ አይታወቅ፣ በበቅሎ ጭራ ተንጠልጥሎ።

«ኧረ ሹፌር ረጋሳ ነው!» አለ አንድ ሰው።

 ሁሉም ታሞ መቅረቱን ሰምቷል። እኔ ዓይኔን ከፊቱ ላይ መንቀል አቃተኝ። ፊቱን ሊያዞር ይችል ነበር፤ መኪናው ቅርብ ነው። ቆመ፤ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«እጄን እንዳላነሳላችሁ» አለ በዚያ በሚጎተት አፉ፣ ሁሉም እስኪሰማ፣ «ጭራ ይዣለሁ!»

የዳሱ ሳቅ ገደሉን ተሻግሮ ተመለሰ። ሰዎቹ ዝናቡን ትተው ወጡ። ረጋሳ ጭራውን ለቀቀና ያንን በቅሎ በቅሎ የሚሸት እጁን ለያንዳንዳቸው እየሰጠ፣ የእናታቸውን ጤና፣ የላማቸውን መውለድ፣ የልጃቸውን ትምህርት ጠየቀ። አንዷ ሴትዮ እጁን ይዛ አለቀሰች፤ እሱ አጽናናት። እኔ በቅሎዋ አንገት ላይ ተደግፌ አለቀስኩ፤ ዝናብ ስለነበር ማንም አላወቀብኝም። ኦቦ ቶላን ሳመሰግናቸው፣ «እኔ ምን አደረግሁ? ውሃ ላጠጣት ነበር የወረድኩት» አሉኝ።

ዛሬ መኪና እስከ ውሃው ዳር ይወርዳል አሉ። ጎረቤቶቼ አብረሽን ካልሄድሽ ይሉኛል፤ አንድ ቀን እሄድ ይሆናል። ልጆቼም መንገዱ በመሠራቱ ደስ ይላቸዋል፤ ሲፈን አሁን ባኮ ነው የምትሠራው፣ የራሷ ልጅ አላት፣ ወንጪን ልታሳየው ትፈልጋለች። አዳዳ ጫልቱም ጌዶ አለች፣ ጉልበቷ ቢደክምም ስልክ ላይ ያ ድምፅዋ እንዳለ ነው።

ሰኞ ጠዋት፣ ከወንጪ በተመለስን በማግስቱ ማግስት፣ ረጋሳ ዱላውን ይዞ ተነሳ። «መናኸሪያ ደርሼ መጣሁ» አለ። ልጆቹን ላስከትልልህ ስለው እምቢ አለ። ከበሩ ቆሜ፣ ከጎረቤቱ አጥር ጋ ሲቆም፣ ከባለሱቁ ጋ ሲቆም፣ ከባጃጅ ሹፌሮቹ ጋ ሲቆም አየሁት፤ ከዚያ ማጠፊያው ደበቀው። ምሳ ሠርቼ ጠበቅሁ። ስድስት ሰዓት አለፈ፣ ሰባት አለፈ። ሽሮው ቀዘቀዘ፤ አሞቅሁት፤ ደግሞ ቀዘቀዘ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤት ሲገባ፣ «ምነው ይሄን ያህል? ሰው ይጠብቀኛል አይባልም?» ብዬ ጮኽኩበት። «ሰው አልለቅ ብሎኝ ነው» አለ፣ ያንኑ ሳቁን እየሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጨረሻው ሕመም አልጋ ላይ እስኪያውለው ድረስ፣ በነዚያ ዓመታት ሁሉ፣ ስንት ምሳ ቀዘቀዘብኝ! በያንዳንዱ ተቆጥቻለሁ፤ በያንዳንዱም ውስጤ ደስ ብሎታል። አሁን ምሳዬን በሰዓቱ፣ ሳይቀዘቅዝ ነው የምበላው።